የአባትህን ላንድሮቨር ባሌስትራ ፍም ውስጥ አታስገባው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ በ1966 ዓ.ም. የገዛው አጭሩ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 አለኝ፤ መሪው በግራ ነው። ኋላው በሾፌሩ ወገን ዘንበል ብሏል፤ መንገድ ላይም እንደ ጋሪ ይንጠናል። ከሁለት ዓመት በፊት ከኋላ ባሌስትራዎቹ የአንዱ ሁለተኛ ቅጠል ሲሰበር አጎቴ ከሶማሌ ተራ ያገለገሉ ሁለት ባሌስትራዎች ገዝቶ አስገጠመለት፤ የተፈቱት ጎተራ ሥር ተቀምጠዋል። አሁን የሰፈራችን መካኒክ የአይሱዙ ቅጠል ጨምረን እናንሳው ይላል። አንድ ቀጥቃጭ ደግሞ አሙቄ ቅስቱን እመልሰዋለሁ ብሎኛል። አሞርዛተሩን ብቻ ብቀይረውስ? በየወሩ የተቃጠለ ዘይት እረጭበታለሁ። መኪናው ከነጥንቱ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ?»

በአሞርዛተሩ ልጀምርና ልገላገለው። አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። ሥራው ባሌስትራው፣ መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ተጨቁኖ ሲመለስ ደጋግሞ እንዳይዘል መያዝ ነው። ነቅለህ ብትጥለው መኪናው ከቆመበት ከፍታ አይወርድም፤ አዲስ ብትገዛለትም አይነሳም። ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ቀይረው፤ ለማዘንበሉ ብለህ ግን ሳንቲም አታውጣበት።

ማዘንበሉን ደግሞ በዓይን አትፍረድ። ሜዳ ላይ አቁመህ፣ የአራቱን ጎማ ነፋስ አስተካክለህ፣ ጭነቱን አራግፈህ፣ ከጎማው እምብርት እስከ ሻንሲው፣ መኪናው የታነጸበት የብረት አጽም፣ የታች ጠርዝ በሜትር ለካ፤ አራቱንም ማዕዘን። የኋላ ግራው የወረደ መስሎህ ጥፋተኛው የፊት ግራው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፊት ሲተኛ ያንኑ ወገን ከኋላም ይጎትተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ላንድሮቨር ሲሪስ መኪኖች ላይ የግራና የቀኝ ባሌስትራ እኩል አልነበረም። ሾፌር ሁልጊዜ አለ፣ ጎኑ የሚቀመጠው ግን አንዳንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሾፌሩ ወገን ባሌስትራ ጥቂት ከፍ ያለ ቅስት ይሰጠው ነበር። ባዶውን ሲቆም ወደ ተሳፋሪው ትንሽ ማዘንበል ጤነኛ ጠባዩ ነው ማለት ነው። ያንተ ግን ወደ ሾፌሩ ነው የሚያዘነብለው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው አጎትህ የገዛቸው ባሌስትራዎች ግራና ቀኛቸው ተቀያይሮ መግባቱን ነው። በተለይ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የተፈቱ ከሆኑና መካኒኩ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ አድርጎ ከገጠማቸው፣ ከፍ ያለው ባሌስትራ አሁን በተሳፋሪው ወገን ገብቷል። የሠራው ሰው አልሰነፈም፤ ጠንቃቃ መሆኑ ነው ያሳሳተው።

ለዚህ የሚሆነው ሙከራ የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ይፈልጋል፦ ሁለቱን አቀያይር፤ የፊት ጫፉ ግን ከፊት ሆኖ ይቅር። ማዘንበሉ ወደ ቀኝ ከዞረ ወይም ከጠፋ ነገሩ የባሌስትራ ነው። ግራ ላይ ከቀረ የኋላውን ባሌስትራ ተወውና የፊቱንና ሻንሲውን መርምር። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሰውም አካሉን እያየ መኪናዬ ንጹሕ ነው ይላል። ሻንሲው ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ነው፤ ጭቃ በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ባሌስትራው ሻንሲውን በሚይዝበት ቦታ ዙሪያ በካቻቢቴ እጀታ አንኳኳ። ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠህ በጫፉ ወጋ አድርገው። ከገባልህ የባሌስትራውን ወሬ እዚያው አቁም፤ መጀመሪያ ሻንሲው ይጠገን። የበሰበሰ ሻንሲ ላይ ጤነኛ ባሌስትራ መግጠም ቅስቱ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ወለሉን እንዲወጋ መፍቀድ ነው።

በዚያው ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት በሁለቱም ጎን ለካ። ልዩነት ካለ የመሃል ቡሎኑ፣ ቅጠሎቹን መሃል ላይ ወግቶ የሚያስተሳስረው፣ ተቆርጦ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው አክስል ከቦታው ሸሽቷል። የመሃል ቡሎን ጭነት የሚሸከም ይመስለናል፤ አይደለም። እሱ ቦታ ጠቋሚ ነው። አክስሉን የሚይዙት በዩ ቅርጽ የታጠፉት አራት ማሰሪያ ቡሎኖች ናቸው። እነሱ ሲላሉ ጭነቱ ወደዚያ ቀጭን ቡሎን ይዞራል፣ ይቆረጣል።

አሁን ወደ አይሱዙው ቅጠል። ባሌስትራ የሚለውን ቃል የወረስነው ከጣሊያን ነው፤ በነሱ አፍ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ነው። የኛ እናቶች ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን የዚሁ ዘመድ ነው፦ ሲያጠፉት ጉልበት ያጠራቅማል፣ ሲለቁት ይመልሳል። ነገር ግን ባሌስትራ አንድ ደጋን አይደለም፤ የተደራረቡ ደጋኖች ማኅበር ነው። ሲሠራ ከታች ያለው አጭር ቅጠል ከላይኛው ይልቅ ጠለቅ ያለ ቅስት ይሰጠዋል። የመሃል ቡሎኑ ሲጠብቅ ሁሉም እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ትልቁ ቅጠልም ጭነት ሳይመጣበት በታችኞቹ ተደግፎ ይጠብቃል። ሸክሙን የሚካፈሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቅስቱ የማይገጥም የአይሱዙ ቅጠል እዚያ መሃል ስትከት ማኅበሩ ፈረሰ። በዚያ ላይ ውፍረት አለ። የአንድ ቅጠል ግትርነት ከውፍረቱ ጋር የሚያድገው በኪዩብ ነው፤ ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ6 ሚሊ ሜትር ወደ 7 ብቻ ብታሳድገው እንኳን በግማሽ ያህልና ከዚያም በላይ ይጨምራል። የጭነት መኪና ቅጠል ደግሞ ከላንድሮቨሩ 63.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ጋር አይገናኝም። መኪናው ይነሳልሃል፣ አዎ። ከዚያ ግን ወፍራሙ እንግዳ አልታጠፍም ሲል ሸክሙ ሁሉ እንግዳው በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ይከማቻል፣ ትልቁ ቅጠል ከዚያ ይሰበራል። «እንደ ጋሪ ይንጠናል» ላልከውም መድኃኒት ሳይሆን ማባባሻ ነው።

መናጡና መተኛቱ አብረው መምጣታቸው ግራ አጋብቶህ ይሆናል፤ የደከመ ነገር ይለሰልሳል እንጂ እንዴት ይጠነክራል? ባሌስትራ በእርጅና አይለሰልስም። የብረቱ ግትርነት ፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረው ነው። የተለወጠው ቅርጹ ነው፤ ከአቅም በላይ ስለተጫነ ቅስቱ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ያጠነከረው ደግሞ ዝገት ነው። ቅጠሎቹ ሲታጠፉ አንዱ በአንዱ ላይ መንሸራተት አለባቸው። ዝገት ቦታ ይፈልጋል፤ በመካከላቸው አብጦ ይነክሳቸዋል፣ ሁሉም እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። ሰኔ ላይ የገባ ጭቃ መስከረም ድረስ እርጥብ ሆኖ በሚቆይበት አገራችን ይህ የማይደርስበት ባሌስትራ የለም።

ስለ ቀጥቃጩ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰውየውን ስለምንቅ አይደለም። የጎጃም ገበሬ ከሚያርስበት ማረሻ ስንቱ የድሮ መኪና ባሌስትራ እንደነበር ቀጥቃጩ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ብረቱ ለማረሻ፣ ለመጥረቢያ፣ ለቢላ ግሩም ነው። ማረሻ ግን ታጥፎ እንዲመለስ አይጠበቅበትም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የባሌስትራ ብረት ሲሠራ 850 ዲግሪ ገደማ ሞቆ በዘይት ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። ከዚያ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው መካከል እንደገና ይሞቅና ተሰባሪነቱ ይበርድለታል፣ የመመለስ አቅሙ ግን ይቀራል። ሙቀቱም ጊዜውም በመለኪያ ነው። ብረት ጨለማ ውስጥ መቅላት የሚጀምረው ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ፍም ውስጥ ቀልቶ ካየኸው ያ ሁሉ የፋብሪካ ሥራ ተፍቋል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ እንደ ሽቦ ታጥፎ ይቀራል፤ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ይሰነጠቃል። መኪናው ለሁለት ሳምንት ቀጥ ብሎ ይቆምልሃል፤ የመጀመሪያው ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲጫን ተመልሶ ይተኛል። የኦክሲጅን ነበልባልም ያው ፍም ነው፣ ብየዳም እንዲሁ። በአጠገቡ ሌላ ነገር ስትበይድ እንኳን የማሽኑን ኔጋቲቭ መያዣ ባሌስትራው ላይ አታስር፤ አንዲት ብልጭታ የጣለችው ነጥብ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች።

ገና ለማጅ ሳለሁ ቡሎን በሚገባበት የተጠቀለለ ጫፉ፣ ጆሮው በምንለው፣ አጠገብ የተበየደ ትልቅ ቅጠል ገጥመን አንድ መኪና ሸኘን። ቁልቁለቱን በሰላም ወረደ፤ ከዓባይ ወደ ደጀን ሲወጣ ከብየዳው አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ ተሰበረ። ብየዳው ራሱ እንከን አልነበረውም። የተሰበረው ብየዳው ያሞቀው ጎረቤቱ ነው። ባለቤቱ ያደረበትን ብርድ አልረሳልኝም፤ እኔም አልረሳሁም።

ታዲያ ምን ይሠራ? በመጀመሪያ፣ «ከነጥንቱ» የምትለው የኋላ ባሌስትራ አሁን መኪናው ላይ የለም፤ ጎተራ ሥር ነው ያለው። የሚታደሰው እሱ ነው። ይህ ለአንተ ዕድል ነው፤ መኪናው እየሠራ፣ አንተ ሳትቸኩል ትሠራዋለህ።

ሁለቱን አውጣና የግራና የቀኝ ምልክት አድርግባቸው፣ የፊት ጫፋቸውንም በነጭ ቀለም ለይ። የመሃል ቡሎኑን ከመፍታትህ በፊት ቅጠሎቹን በትልቅ ሞርሳ አጥብቀህ ያዝ። ቅድም ይገፋፋሉ ያልኩህን አስታውስ፤ ዳዶው ሲወጣ ተፈናጥሮ ፊት የሚመታ ኃይል አለበት። ሞርሳውን በዝግታ አላላ። ቅጠሎቹን በብረት ብሩሽ አጽዳ፤ ግራይንደር ከተጠቀምክ በርዝመቱ እንጂ በስፋቱ አትፋቅ። አግድም የሄደ ጭረት ሁሉ ነገ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቅ ፍለጋው ላይ አትቸኩል። የጸዳውን ቅጠል በሽቦ አንጠልጥለህ በትንሽ መዶሻ ነካ አድርገው። ጤነኛው እንደ ቤተ ክርስቲያን መረዋ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል፤ የተሰነጠቀው ዱብ ብሎ ይሞታል። ይህ ግን ትልቁን ስንጥቅ ብቻ ነው የሚነግርህ። ለቀጭኑ ስንጥቅ ቅጠሉን በነጭ ጋዝ ቀባና ሌሊቱን አሳድረው። ጠዋት ደረቅ እስኪል ጥረገው፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ በአልኮል በጥብጠህ ስስ አድርገህ ቀባው። አልኮሉ ሲተን ነጭ ይሆናል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የተደበቀው ጋዝ ጠመኔውን ያርሰዋል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ቀስ ብላ ስትወጣ በዓይንህ ታያለህ። በተለይ የመሃሉን ቀዳዳ ዙሪያ፣ የጆሮውን መታጠፊያና ላይኛውን ገጽ፣ ወደ ሻንሲው የሚያየውን፣ ተመልከት። ጭነት ሲመጣ የሚወጠረው ያ ገጽ ነው፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። መስመር የታየበት ቅጠል ምንም ያህል አጭር ቢሆን ይወገድ። አጭሩ ቅጠል ጫፍ ትልቁን እያኘከ የቆፈረበት ጉድጓድም ይኖራል። ጥልቅ ካልሆነ በርዝመቱ ሞርደው፣ የቆፈረውንም ጫፍ ስለቱን አደንዝዘው።

ለተሰበረው ሁለተኛ ቅጠል ምትክ ከሌላ ላንድሮቨር ባሌስትራ ፈልግ። ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱ በካሊብሮ ይለካ፤ «ይመስላል» አይሠራም።

ቅስቱን መመለስ የሚቻለው በብርድ ነው፣ በፕሬስ። ቅጠሉ በሁለት ድጋፍ ላይ ተኝቶ፣ የቅስቱ ጉድጓድ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ በትንሽ ይጫናል፤ ፕሬሱ በሚነካው ቦታ የነሐስ ወይም የጠንካራ እንጨት ቁራጭ ይግባ። መዶሻ አልወድም፤ የሚወጠረውን ገጽ ያቆስላል። ሁለቱ ባሌስትራዎች የአንድ ወገን ስላልሆኑ የአንዱን ቅስት ለሌላው ልክ አታድርግ። የእያንዳንዱን ትልቅ ቅጠል አሁን ያለበትን ቅርጽ መሬት ላይ በጠመኔ ሥለህ ምን ያህል እንደመለስከው እያየህ ሥራ። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር መመለስ ይቻላል። ከዚያ በላይ የተኛውን በብርድ ባነሳው ይቆማል ብዬ አልዋሽህም።

ማረጋገጫውም ይኸውልህ። ባሌስትራው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ፕሬስ ላይ ጫፍና ጫፉን አስደግፈህ ቅስቱ እስኪዘረጋ ጨቁነው፣ ልቀቀው፣ ቁመቱን ለካ። በመጀመሪያው ጭቆና ጥቂት ይወርዳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ባለበት ከቆመ ይሠራል። በየጭቆናው እየወረደ ከሄደ ብረቱ አልቆለታል፤ ምንም ብታደርግ መንገድ ላይ ይተኛል።

ሲገጠም ቦኮላ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በጆሮው ውስጥ ያለው ቦኮላ ውስጥና ውጩ ብረት፣ መካከሉ የተጣበቀ ጎማ ነው። አይንሸራተትም፣ ይጠመዘዛል። ቡሎኑን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅኸው ጎማው በዚያ አቋም ይታሰራል። መኪናው ሲወርድ ገና ሳይነዳ እስከ ዳር ተጠምዝዞ ይቆያል፣ በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ እስከዚያም መኪናውን ያጠነክራል። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ፣ ወዲያ ወዲህ ተወዝውዞ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ አጥብቀው። ያሁኑ መናጥህ ግማሹ ከዚህ ቢሆን አይገርመኝም፤ ቡሎኖቹን አላልተህ መሬት ላይ እንደገና ማጥበቅ ምንም አያስወጣህም።

በዩ ቅርጽ የታጠፉትን ማሰሪያዎች ከነዳዶአቸው አዲስ ግዛ፤ አንዴ የተሳበ ጥርስ ሁለተኛ አይታመንም። በመስቀለኛ፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ ይጥበቁ። ባሕር ዳር አንድ ጊዜ ደርሰህ ስትመለስ እንደገና ፈትሻቸው።

አሮጌው ቡሎን ከቦኮላው ጋር ዝጎ አንድ ሆኖ አልወጣም ይልሃል፤ የዚህ መኪና አመል ነው። በብረት መጋዝ ቆርጠህ አውጣው። እሳት የሚያስፈልግ መስሎ ከታየህ የነዳጅ ጋኑና የፍሬኑ ቱቦ የት እንዳሉ መጀመሪያ እይ። ከሥሩ ስትገባ ሻንሲው በብረት ካቫሌቶ ወይም በጥርብ ግንድ ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት የቆመ መኪና ሥር አትግባ። አክስሉም በፍሬን ጎማ ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል።

የተቃጠለ ዘይት መርጨቱን ዛሬውኑ ተው። የቦኮላውን ጎማ ያላሽቃል፣ አቧራ ይዞ በቅጠሎቹ መካከል የአሸዋ ወረቀት ይሆናል፣ ወደ ኋላ ፍሬን ከበሮ ከገባ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው የምታውቀው። ቅጠሎቹ ተበትነው ሳሉ ስስ አንቲረስት ቀባቸው። ሲደርቅ በሚነካኩበት ገጽ ብቻ ግራፋይት ያለበት ግራሶ በጣት ስስ አድርገህ አሻሽ፤ በጎን የወጣውን ጥረግ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ጭቃውን በውሃ አጥቦ ማድረቅና ቡሎኖቹን መፈተሽ ይበቃዋል።

ፓራቦሊክ ስለሚባሉት፣ ቅጠላቸው ጥቂት ስለሆነና ወደ ጫፍ ስለሚሳሳው ባሌስትራዎች አልጠየቅኸኝም፤ አንድ ሰው ግን ይመክርሃል። ምቾታቸው እውነት ነው። ከአቅም በላይ ሲጫኑ ግን እንደ ባለብዙ ቅጠሉ አይታገሡም፣ መኪናውም ከነጥንቱ መሆኑ ይቀራል። ላንተ አልመክርም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ለካ፣ ሻንሲውን አንኳኳ፣ የአጎትህን ባሌስትራዎች ግራና ቀኝ አቀያይር፣ የቦኮላውን ቡሎን መሬት ላይ አጥብቅ። አብዛኛው ችግርህ በዚሁ ሊያልቅ ይችላል። የአባትህን ባሌስትራ እስከ ክረምት ድረስ በብርድ አድሰው፤ የጭቆና ፈተናውን ካለፈ ሁለቱንም አንድ ላይ መልስ፣ አንዱን ብቻ አትግጠም። ካላለፈ ለሞዴሉ የተሠራ አዲስ ጥንድ፣ የሾፌርና የተሳፋሪ ወገኑ የተለየ፣ ግዛ። የአይሱዙው ቅጠል በየትኛውም መንገድ አይግባ።

የተሰበረውንና ጠመኔው ያጋለጠውን ቅጠል ግን ለዚያ ቀጥቃጭ ውሰድለት። ጥሩ ማረሻ ይወጣዋል፤ ዋጋውንም እሱ ይንገርህ።